«ሴሽኑን እያየሁት አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት በዴቨሎፐርነት የምሠራ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ችግሬ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ ለእርስዎ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በዘንድሮው የፋሲካ ዋዜማ የአገልግሎቱ ተረኛ እኔ ነበርኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ገንዘብ የሚልከው ሰው ብዙ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ዝውውሮች መዘግየት ጀመሩ፤ ትንሽ ቆይተው ጨርሶ ቆሙ። ደንበኞች በቀጥታ የሚጠቀሙበትን ፕሮዳክሽን ዳታቤዝ ስመለከት (ማየት ብቻ ይፈቀድልኛል) አንድ ሴሽን፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተ አንድ ግንኙነት፣ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ከፍቶ፣ የድርጅቱን ዋና የማቻቻያ ሒሳብ ቆልፎ፣ ምንም ሳይሠራ ተቀምጧል። ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ኋላ ተሰልፈዋል። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ መቋረጥ እንዳለበትም አውቃለሁ። የማቋረጥ ፈቃድ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዳታቤዝ አስተዳዳሪያችን።

እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በአንድ ባንክ ለብዙ ዓመታት ኦራክል የተባለውን ዳታቤዝ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አጠገባቸው አስቀምጠው እዚህ የምንጠቀምበትን ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስን፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዚያን ምሽት ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ስልካቸው ዝግ ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ሰዓት ተኩል ያንን ሴሽን እያየሁ ጠበቅኩ። የጥሪ ማዕከሉ ልጆች በየደቂቃው ይደውላሉ፤ በግ ተራ ቆሞ ክፍያው ስላላለፈለት ነጋዴው የያዘው ደንበኛ እንዳለ ይነግሩኛል። በመጨረሻ ጋሼ ለአፍታ ወደ ግቢው ወጥተው ስልካቸውን ሲከፍቱ ጥሪዬን አዩ። መኪናቸው ውስጥ ሆነው በላፕቶፕ ገቡና አንድ ትእዛዝ ጻፉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ከበዓሉ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጃችን «ከእንግዲህ ዴቨሎፐሮች ሁሉ ሴሽን የማቋረጥ ፈቃድ ይሰጣቸው» አሉ። ጋሼ «ዛሬ ሴሽን፣ ነገ ሠንጠረዥ» ብለው ተነሥተው ወጡ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል፤ ሥራ አስኪያጁን ያነሳሳኋቸው እኔ የሆንኩ መስሏቸው ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ባልደረባዬ «ምን አስጨነቀሽ? የአፕሊኬሽኑ የይለፍ ቃል በእጃችን አለ። በእሱ ግቢና ራስሽ አቋርጪ፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግሽም» አለኝ። በሙከራው ዳታቤዝ ላይ ሞከርኩት፤ እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ለማንም አልተናገርኩም።

የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ እየቀረበ ነው፤ ተረኛዋም እኔው ነኝ። ፈቃዱን ልቀበል ወይስ እምቢ ልበል? ተቀብዬ ያልሆነውን ሴሽን ባቋርጥስ? ጋሼንስ ምን ልበላቸው?

ተረኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

ደብዳቤሽ የሚጠይቀው ስለ ፈቃድ ነው፤ የሚያሳዝንሽ ግን የጋሼ ሰላምታ መቀዝቀዝ ይመስለኛል። ወደ ሁለቱም እመጣለሁ። እስከ መጨረሻው እንዳላስጠብቅሽ አቋሜን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በሌሊት ተረኛ የተደረገ ሰው ዴቨሎፐርም ቢሆን ተረኛ በሆነበት ሥራ ላይ የተጣበቀ ሴሽን የሚያቋርጥበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኃላፊነቱን ሰጥቶ አቅሙን መከልከል ተገቢ አይደለም። መንገዱ ግን ሥራ አስኪያጅሽ ሊሰጡሽ ያሰቡት አይደለም፤ ባልደረባሽ ያሳየሽም አይደለም።

ከባልደረባሽ ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። የነገረሽ ነገር እውነት ነው። ፖስትግሬስ አንድ ተጠቃሚ በራሱ ስም የተከፈቱ ሴሽኖችን እንዲያቋርጥ ልዩ ፈቃድ አይጠይቀውም። በአፕሊኬሽኑ ስም ስትገቢ ዳታቤዙ አንቺን ከአፕሊኬሽኑ አይለይሽም፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። ያ ስም የደንበኛን ቀሪ ሒሳብ መቀየርም ይችላል፤ የተፈጠረው ለዚያ ነውና። በሌሊት፣ በድካም፣ ስልክ እየጮኸ፣ በዚያ ስም ፕሮዳክሽን ላይ የምትጽፊው እያንዳንዱ መስመር የደንበኛ ገንዘብ አጠገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ስም የአንቺ አለመሆኑ ደግሞ ከለላ እንዳይመስልሽ። በገንዘብ ተቋም ማን እንደነካው ያልታወቀ ነገር ሲገኝ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁ ሁሉ ይጠረጠራሉ። ያልነካው ሰው እንዳልነካ ማስረጃ አይኖረውም።

በሙከራው ዳታቤዝ ላይ መሞከርሽን አልነቅፍም፤ ጥሩ ባለሙያ ይሞክራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ለጋሼ ያልነገርሻቸው ለምን ይመስልሻል? ምናልባት ሰኔ 30 ሌሊት ነገር ቢጠብብሽ በዚያ ለመውጣት በልብሽ አስቀምጠሽው ይሆናል። የዚያን ምሽት ጭንቀት ላየ ሰው ይህ የሚገባ ስሜት ነው። ነገር ግን እሳቸው ይህን ክፍተት ከሌላ ሰው አፍ የሚሰሙ ከሆነ፣ ስለ ፈቃድ የምታቀርቢው ሐሳብ ሁሉ ከዚያ በኋላ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ከአንቺ ይስሙት። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጋሼ ቁጣ። «ዛሬ ሴሽን፣ ነገ ሠንጠረዥ» ያሉት እልህ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰውየው ያደጉት በኦራክል ነው ብለሻል። በኦራክል የሌላውን ሴሽን ለማቋረጥ የሚያስፈልገው ሥልጣን «ኦልተር ሲስተም» ይባላል። ማቋረጥን ብቻ ነጥሎ አይሰጥም፤ የዳታቤዙን የአሠራር ቅንብሮች መለወጥንም አብሮ ያስረክባል። በዚያ ላይ ለሰዓታት ሲጽፍ የቆየ ትራንዛክሽን ሲቋረጥ ኦራክል የተጻፈውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ሴሽኑ ተገድሏል ተብሎ ተመዝግቦም መመለሱ እስኪያልቅ ድረስ የቆለፈውን ላይለቅ ይችላል። እንደ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ያሉ ሌሎች ዳታቤዞችን የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ይህን ጭንቀት ያውቁታል። ቸኩሎ ያቋረጠ ሰው ችግሩን ሳይፈታ፣ ሊያስቆመው የማይችለውን ረጅም ጥበቃ ይጀምራል። ይህን ያየ አስተዳዳሪ ቁልፉን ጨብጦ ቢይዝ አልፈርድበትም።

ፖስትግሬስ ግን በሁለቱም ነጥብ ይለያል። አሮጌውን የሠንጠረዥ መስመር ቅጂ ወዲያው ስለማያጠፋ የተቋረጠ ትራንዛክሽን ቶሎ ይለቃል፤ ትርፍራፊውን ቫክዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ በኋላ ያጸዳዋል። ፈቃዱንም በተመለከተ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከወጣው 9.6 እትም ጀምሮ «ፒጂ ሲግናል ባክኤንድ» የሚባል ሚና፣ ማለትም ለተጠቃሚ የሚሰጥ የፈቃድ ዓይነት፣ አለ። ይህ ሚና ያቋርጣል እንጂ ሠንጠረዥ አያስነካም። ሥራ አስኪያጅሽ ሊሰጡሽ ያሰቡት ይህን ይመስለኛል። እንዲያም ሆኖ ሰፊ ነው። ከሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ካለው ተጠቃሚ) ሴሽኖች በቀር የሁሉንም ማቋረጥ ያስችላል፦ የደመወዝ ክፍያውን፣ የሒሳብ መዝጊያውን ሪፖርት፣ በሱፐርዩዘር ካልገባ የመጠባበቂያ ቅጂ አውጪውን ሳይቀር። «ዴቨሎፐሮች ሁሉ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ጋሼን ያስቆጣቸው ነገር ይገባኛል። ከመጡ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው ልጆች በቡድናችሁ የሉም?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በስብሰባው ላይ ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለ፤ ቢያንስ በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። ያ ሴሽን ምን እየጠበቀ ነበር?

ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ መስመር ቆልፎ፣ ምንም ሳይሠራ የሚቀመጥ ሴሽን ብዙ ጊዜ አንድ ታሪክ አለው። ኮዱ ሒሳቡን ቆለፈ፤ ከዚያ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ ወደ ሌላ ተቋም ሥርዓት «ይህን ገንዘብ ክፈል» ብሎ ጥሪ ላከና መልስ እየጠበቀ ቆመ። የእናንተም እንዲህ ከነበረ፣ ሴሽኑ ሲቋረጥ በእናንተ ዳታቤዝ ውስጥ የነበረው መዝገብ እንዳልነበረ ሆነ ማለት ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ተቋም ግን ጥያቄውን ተቀብሎ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ዳታቤዝ የራሱን ጽሑፍ እንጂ ከቤት የወጣን መልእክት መመለስ አይችልም። አፕሊኬሽኑ ደግሞ ግንኙነቱ መቋረጡን አይቶ እንደገና እንዲሞክር ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያ ገንዘብ ምን ሆነ? በማግሥቱ ያጣራው ሰው አለ?

ይህን ጋሼን ለመክሰስ አይደለም የምጠይቅሽ። ሙሉ ፈቃድ ነበራቸው፤ ዳታቤዙንም ከሁላችሁ በላይ ያውቃሉ። ኮዱ ከመስመሩ ማዶ ምን እንደላከ ግን መኪና ውስጥ ሆነው ሊያውቁ አይችሉም። ያንን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ያ ሴሽን ሲቋረጥ ሌላ ምን እንደሚነካ ከእሳቸው እኩል አታውቂም። የሁለታችሁም እውቀት ግማሽ ግማሽ ሆኖ ሳለ፣ ስብሰባው የፈቃዱን ባለቤት ብቻ ሲከራከር ዋለ።

እንግዲህ ጠባብ መንገድ የምለውን ልግለጽልሽ። ለዳታቤዝ ሥራ ባዕድ የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን አንቀጽ ብትዘሉት አልቀየምም። አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠራ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይጻፍ፤ ባለቤቱም ያ የማቋረጥ ሚና ያለው፣ ማንም በቀጥታ የማይገባበት ስም ይሁን። ፈንክሽኑ «ሴኩሪቲ ዲፋይነር» ተደርጎ በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል፤ እናንተ ፈንክሽኑን የመጥራት ፈቃድ ብቻ ይሰጣችኋል። ውስጡ ይመርምር፦ ሴሽኑ የአፕሊኬሽኑ ነው? ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ሆኖታል? ካልሆነ እምቢ ይበል። የሴሽኑን ቁጥር ብቻ አይቀበል፤ የተከፈተበትንም ጊዜ ይጠይቅ። አንቺ አይተሽ እስክትጽፊ ድረስ ያ ሴሽን ሊያልቅና ቁጥሩ ለሌላ ሊሰጥ ይችላልና። ኦራክል ከቁጥሩ ጋር ሁለተኛ መለያ የሚጠይቀው ለዚህ ስለሆነ ጋሼ ወዲያው ይገባቸዋል። ፖስትግሬስ አዲስ ፈንክሽን ሲፈጠር ሁሉም ሰው እንዲጠራው ይፈቅዳል፤ ያ ፈቃድ ከ«ፐብሊክ» ላይ ይነሣ። «ሰርች ፓዝ» የሚባለው ቅንብርም በፈንክሽኑ ውስጥ ይቆለፍ፤ አለዚያ የጠራው ሰው በተመሳሳይ ስም የራሱን ነገር ሊያስገባበት ይችላል። ማን እንደጠራው ሲመዘገብ «ከረንት ዩዘር» የሚያሳየው የፈንክሽኑን ባለቤት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ «ሴሽን ዩዘር» ነው። መዝገቡ በሠንጠረዥ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ጠሪው ትራንዛክሽኑን ሲመልሰው መዝገቡ ይጠፋል፤ የተቋረጠው ሴሽን ግን አይመለስም። ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ ሎግም ይጻፍ። ይህ ሁሉ የሚረባው እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ስም የምትገቡ ከሆነ ነው። በአንድ የጋራ ስም የምትገቡ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

«መጀመሪያ ቀላሉን ትእዛዝ እንሞክር» የሚል ሰው አይጠፋም። ፖስትግሬስ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የተላከውን ጥያቄ) ብቻ የሚያስቆም፣ ሴሽኑን የማይነካ ትእዛዝም አለው፤ እየሠራ ላለ ከባድ ኩዌሪ እሱ ይቀድማል። የፋሲካ ዋዜማው ሴሽን ግን የሚሠራው ኩዌሪ አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚቆም ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ማቋረጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ትንሽ ያልሆነች ነገር ልጨምር። ምሽት 2 ሰዓት ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ በኮምፒውተርሽ ላይ 20 ሰዓት ይላል፤ ሰርቨራችሁ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 17 ሰዓት ነው። በስልክ «የ2 ሰዓቱን ሴሽን አቋርጥ» መባባል ስህተት መጋበዝ ነው። በሰዓት ሳይሆን በቆይታ ተነጋገሩ፤ «ትራንዛክሽን ከከፈተ 40 ደቂቃ የሆነው» በሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ፈንክሽኑ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነካ ቢሆን እመርጣለሁ። ፖስትግሬስ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታን ሴሽን ራሱ እንዲያቋርጥ የሚያደርግ የጊዜ ገደብ አለው። ካልተነካ ዜሮ ነው፤ ማለትም አይሠራም። ለአፕሊኬሽኑ ስም ብቻ ነጥሎ መስጠት ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ የዚያን ምሽት ማንም ማንንም አይጠራም ነበር። ከዚያም በላይ የሚያስፈልገው የኮዱ መታረም ነው፦ ወደ ውጭ ጥሪ ከመላኩ በፊት ትራንዛክሽኑ ይዘጋ፤ የክፍያው ጥያቄም ሁለት ጊዜ ቢደርስ ሁለተኛውን የሚያስጥል የማይደገም መለያ ይኑረው። ገደቡ ያለ እርማቱ ከተቀመጠ ቅድም ያልኩሽን የጠፋ መዝገብ በራሱ ጊዜ ሲያመርት ያድራል። ይህ የእናንተ የዴቨሎፐሮቹ ሥራ ነው። ጋሼ ዘንድ ስትሄጂ «ፈቃድ ስጡን» ከማለት በፊት «የእኛን ስህተት እያረምን ነው» ማለት የምትችይበት ነገር ይኖርሻል።

«ያልሆነውን ባቋርጥስ?» ብለሻል። ልታቋርጪ ትችያለሽ። ማንም ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት የሆነውን ሳትሰሚ አትቀሪም። ሌሊት ላይ ከችግር ጋር ሲታገል ያመሸ መሐንዲስ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ሰረዘ። ስህተቱን ወዲያው አይቶ ቢያስቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር፤ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃም ጠፋ። ሰውየው ሙሉ ሥልጣን የነበረው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ለሕዝብ ጻፈ፤ በዘገባው ውስጥ ግን ስሙን አላወጣም። ከዚህ የምወስደው የአስተዳዳሪነት ማዕረግ ሰውን ከድካም እንደማያድን ነው። ስለዚህ ሌሊት ላይ ብቻሽን አታቋርጪ። ሌላ አንድ ዴቨሎፐር በስልክ ላይ ይሁን፤ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ እሱም በራሱ ስክሪን አይቶ ያረጋግጥልሽ። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ፍርሃትሽ ግን ከቴክኒኩ ይልቅ ከተጠያቂነቱ የመጣ ይመስለኛል። ትክክል ነሽ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ችግር የመጣ ቀን «ማን አለሽ?» ይባልበታል። የትኛውን ሴሽን፣ በምን ሁኔታ፣ ለማን አሳውቀሽ ማቋረጥ እንደምትችይ፣ በደንቡ መሠረት ሠርተሽ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የተረኝነት አበልም ይጠየቅ፤ አታፍሪ። ያለ አበል ሌሊት የሚያድር ተረኛ ሥልጣን ሲጨመርለት ጭነት ነው የተጨመረለት።

ሥራ አስኪያጅሽንም በዋዛ አላልፋቸውም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት በፋሲካ ዋዜማ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ማደሩ የጋሼም የአንቺም ጥፋት አይደለም። የሰፈር እድር እንኳ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለአንድ ሰው ብቻ አይተውም፤ ሌሊት ሰው ሲሞት ድንኳኑ መውጣት ስላለበት ሁለተኛ ያዥ ይመድባል፤ የወጣውንም ዕቃ በደብተር ያሰፍራል። የእናንተ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ አልቀጠረም። አሁን ጉድለቱን ለዴቨሎፐሮች በነጻ ሊያሸክም ነው። ጋሼ «ሊያባርሩኝ ነው» ብለው ቢያስቡ አይገርመኝም፤ የሚያስፈልጋቸውን ረዳት ሳያገኙ ሥራቸው ሲከፋፈል ነው ያዩት።

ወደ ጋሼ ሂጂ። ብቻሽን፤ በስብሰባ አይደለም፤ በኢሜይል ደግሞ በፍጹም። ቡና ጋብዣቸው። እምቢ አይሉሽም ብዬ እገምታለሁ፤ የሚያስተምር ሰው ተማሪው መጥቶ ሲያናግረው ቅያሜው ብዙ አይቆይም። ስለ ስብሰባው ሲነሣ ዝም ማለትሽ እንደከበደሽ ንገሪያቸው፤ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀጥለሽ የይለፍ ቃሉን ነገር ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ በአፕሊኬሽኑ ስም ከተገባ ማቋረጥ ይቻላል፤ በሙከራው ላይ አይቼዋለሁ፤ በፕሮዳክሽን አልነካሁትም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው» በይ። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ሲበርድላቸው ያ ፈቃድ በተዘዋዋሪ ቀድሞውኑ በዴቨሎፐሮች እጅ እንዳለ፣ እሱም መዝገብ የሌለበት መጥፎው ዓይነት እንደሆነ ይታያቸዋል። «አይሰጥም» የሚለው አቋማቸው የሚላላው በአንቺ ክርክር ሳይሆን በዚህ ነው።

ፈንክሽኑንም እሳቸው ይጻፉት። አንቺ ጽፈሽ «ይህን ያጽድቁልኝ» ብለሽ አትሂጂ፤ በሚገባ ልትጽፊው እንደምትችይ ባልጠራጠርም። ገደቦቹን የሚያወጡት፣ የትኛው ሴሽን እንደማይነካ የሚወስኑት እሳቸው ሲሆኑ ጠባቂነታቸው አልተነጠቀም። የአንቺ ድርሻ ኮዱ መቼ መቼ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ ሴሽን ከተቋረጠ በኋላ በማግሥቱ ምን ምን መታየት እንዳለበት ዝርዝሩን ይዘሽ መቅረብ ነው። ይህን ዝርዝር ዛሬውኑ ጀምሪው፤ በፋሲካ ዋዜማ ስለተቋረጠው ክፍያም ከዚያኛው ተቋም ጋር አስታርቁ፤ እስካሁን ካልተደረገ ዘግይቷል።

እምቢ ካሉስ? ያኔ አትከራከሪ። ይልቅ ሰኔ 30 ሌሊት ስልካቸው ክፍት እንዲሆን፣ ወይም በእሳቸው ምርጫ አንድ ምትክ እንዲወክሉ፣ የጊዜ ገደቡም ከዚያ በፊት እንዲቀመጥ ለምኛቸው። ለአንድ ሌሊት ይህ ይበቃል፤ የቀረው ከመዝጊያው በኋላ ይደርሳል።

ሥራ አስኪያጁ እስከዚያ ሳይታገሡ ነገ ፈቃዱን በኢሜይል ቢልኩልሽ ግልባጩን ለጋሼ አድርገሽ እንዲህ ብለሽ መልሺ፦ «ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ። ይህ ፈቃድ የሁሉንም ሴሽን ስለሚያካትት በዚህ መልኩ ልጠቀምበት አልፈልግም። በአፕሊኬሽኑ ሴሽኖች ብቻ ተወስኖ፣ መዝገብ ኖሮት፣ ከዳታቤዝ አስተዳዳሪያችን ጋር ሠርተን እስከ ሰኔ 20 እንድናቀርብ ይፈቀድልን። ሁለተኛ አስተዳዳሪ የመቅጠሩም ጉዳይ አብሮ ይታይልን።»